ከጠገራ ብር እስከ ብር ቅብ ሹካ፦ በድሬ ዳዋ መንገድ የተጓዘው ብር

የአውሮፓን አሮጌ የብር ዕቃ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ ሹካውን ይገለብጣል። ከእጀታው ጀርባ የተመታችው ትንሽ ማኅተም ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ውስጡ ድረስ ብር ይሁን ወይም ላይ ላዩን ብቻ የተቀባ፣ አንዳንዴም በየት ከተማና በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ትነግረዋለች። በሐረርና በድሬ ዳዋ ዙሪያ የተሠራ ድሪ፣ አምባር ወይም አልቦ የሚሰበስብ ግን ዕቃውን ቢያገላብጥም ብዙውን ጊዜ ምንም ጽሑፍ አያገኝም። ስም የለም፣ ዓመት የለም፣ የጥራት ምልክት የለም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጉታል፦ የእኛ አንጥረኛ ስሙን የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ስላልነበረው ታሪኩ ጠፋ ይላሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ ዋናውን ነገር ግን ይስታል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የብር ዕቃ ለረጅም ዘመን ዋስትና ነበረው። ዋስትናው የተቀመጠው ከሠሪው ስም ላይ ሳይሆን ዕቃው ከተሠራበት ሳንቲም ላይ ነበር። ስለዚህ የእነዚህን ጌጦች የሠሪ ታሪክ የሚፈልግ ሰው የአንጥረኞችን ስም ዝርዝር ከሚያስስ ይልቅ የአንድን ሳንቲም ጉዞ ቢከተል ይሻለዋል። ያ ጉዞ ደግሞ ከሞላ ጎደል የድሬ ዳዋ ታሪክ ነው።

ከባቡሩ በፊት፦ እስከ 1894 ዓ.ም.

የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። መልኳ ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም ግን ከሞተች በኋላም መመታቱን አላቆመም፤ በየጊዜው የሚወጣው ሁሉ ያንኑ የ1780ን ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ነጋዴ ይህን ሳንቲም አምኖ ስለተቀበለ፣ ሌላ መልክ ወይም ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም አለ። የቪየና ማተሚያ ቤት ብር ይዞ ለመጣ ነጋዴ ሁሉ ሳንቲሙን እየመታ ይሰጥ ነበር፤ ነጋዴውም በትሪየስት ወደብ አስጭኖ ወደ ኤደንና ወደ አፍሪካ ጠረፍ ያሻግረዋል። በአገራችን ጠገራ ብር የተባለው ይህ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ከ23 ግራም ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው።

ሐረር በዚያ ዘመን ራሷን የቻለች የንግድ ከተማ ነበረች። አሚሮቿ ማሃለቅ የሚባል የራሳቸውን ትንሽ ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ እርሱ ግን ለዕለት ገበያ እንጂ ከጠረፍ ለሚመጣው ትልቅ ንግድ አይሆንም። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው በ1877 ዓ.ም. ሲለቁ፣ ምኒልክም በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሲገቡ፣ አስተዳደሩ ተለዋወጠ እንጂ የገበያው ሚዛን አልተለወጠም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በሐረር ቡናና ቆዳ ሲነግድ ሒሳቡን የሚያሰላው በጠገራ ነበር። በዘይላ መንገድ በግመልና በበቅሎ የሚጓዘው ይህ ገንዘብ ከባድ ነው። 1,000 ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ መካከለኛ የቡና ግዢ አንድን የጭነት እንስሳ ሙሉ ብር ብቻ ሊያሸክም ይችላል።

ገበያው ሳንቲሙን የሚቀበለው መርምሮ ነው። ሰዎች የንግሥቲቱን ትከሻ የያዘውን ጌጥ፣ በዙሪያው ያሉትን ነጥቦችና ከደረቷ ሥር የተጻፉትን ሁለት ፊደሎች ይመለከታሉ፤ የተሻሸ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ይመልሱታል። እነዚያ ሁለት ፊደሎች ጉንዝቡርግ በምትባለው የጀርመን ከተማ የነበሩ የማተሚያ ቤት ሹማምንት የስማቸው መጀመሪያ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የሠሪ ማኅተም የለውም የተባለው የምሥራቁ ብር በእርግጥ የሠሪ ማኅተም ነበረው፤ ማኅተሙ ያለው ግን ብሩ ወደ ከውሩ ከመግባቱ በፊት ነው። ሚስት ለማግባት ወይም ልጁን ለመዳር የተነሣ ገበሬ ጠገራውን በገዛ እጁ ቆጥሮ ለአንጥረኛው ያስረክባል። አንጥረኛው አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ወደ ቀጭን ሽቦ ስቦ ድሪውን ወይም አምባሩን ይሠራና የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ለሚዛኑም ሌላ ድንጋይ አያሻም፤ የወቄት መለኪያው ራሱ የአንድ ጠገራ ክብደት ስለነበር፣ አሥር ጠገራ የሰጠ ሰው የአሥር ጠገራ ክብደት ያለው ዕቃ ሲመለስለት በሚዛን ያረጋግጣል። ታዲያ የብሩን ጥራት ከባለቤቱ ከራሱ በላይ የሚመሰክር ማን ነው? ማኅተም የሚያስፈልገው የብሩን ምንጭ ለማያውቅ ገዢ ነው።

ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ማተሚያ ቤት የራሳቸው መልክና አንበሳ ያለበትን ብር አስመቱ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል፣ የብሩም መጠን ቅንጣት የሚበልጥ ነበር። ሆኖም ገበያው ጠገራውን ሊተው አልፈለገም። ይህ ብዙውን ጊዜ እንደ ሕዝቡ ግትርነት ይተረካል፤ ነገር ግን ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ አንጥረኛውም ዋስትናቸውን በአንድ ዓይነት ሳንቲም ላይ ካሠሩ በኋላ ሌላውን ለመልመድ ምን ጥቅም አላቸው? የምኒልክ ብር በተራው ቀለበት ተበይዶለት ከአንገት ላይ መንጠልጠል ጀመረ፤ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ የሚገኘው አንዳንዱም ይህ የብየዳ ጠባሳ ያለበት ነው።

ባቡርና ከተማ፦ 1895–1927 ዓ.ም.

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው እስከ ሐረር እንዲሄድ ነበር፤ ተራራው ግን ለሐዲዱ ወጪ የሚመች አልሆነም። የባቡሩ ኩባንያ ሐረርን ከላይ ትቶ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። ድሬ ዳዋ እንዲህ ስትወለድ ከወደብ በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች የኢትዮጵያ የጉምሩክ በር ሆነች። ከወንዙ በአንዱ ወገን በቀጥተኛ መንገዶች የተቀየሰችው ከዚራ የባቡሩ ሠራተኞች፣ የፈረንሳዮች፣ የግሪኮችና የአርመኖች ሰፈር ስትሆን፣ በሌላው ወገን መጋላ የሐረሪዎች፣ የሶማሌዎች፣ የኦሮሞዎች፣ የዓረቦችና የሕንዶች ገበያ ሆነች። ሐዲዱ በገንዘብ እጦት ለዓመታት ቆሞ ስለነበር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲዱ በቆመባቸው ዓመታት በዚህ መስመር ከባሕር የመጣ ዕቃ ከባቡር የሚወርደው ድሬ ዳዋ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው እዚያ ያድራል።

ለብር ታሪክ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። በበቅሎ ጀርባ እየተቆጠረ ይመጣ የነበረው ጠገራ አሁን በፉርጎ መጣ። የቡና መሸጫው ወቅት ሲደርስ ነጋዴዎች ጠገራ ይሻሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ሳንቲሙ በገጠር ይቀራል። የካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለሐረርና ለድሬ ዳዋም ቅርንጫፍ አቋቋመ። ባንኩ በ1907 ዓ.ም. ገደማ በጠገራ የሚመነዘር የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም፣ ወረቀቱ ከከተሞች ብዙም አልራቀም። ቡናውን የሚያመጣው የገጠር ሰው የሚፈልገው የሚቀልጠውን ብር ነበር። እርሱ ገንዘቡን ባንክ አያስቀምጥም፤ ሚስቱ አንገት ላይ ያስቀምጣል እንጂ። በክፉ ዓመት ድሪው ተመዝኖ ይሸጣል፤ በደግ ዓመት እንደገና ይሠራል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ጌጥ እድሜው እጅግ ቢረዝም የአንድ ወይም የሁለት ትውልድ ነው። አንድ የብር ዕቃ ሦስት መቶ ዓመት አለው ተብሎ ሲቀርብ መጠርጠር የሚገባው አንዱ ምክንያትም ይህ የማያቋርጥ መቅለጥ ነው።

በዚያው ባቡር ሌላ ዓይነት ብርም ገባ። ፈረንጁ ገበታውን ይዞ ስለሚዞር፣ ከዚራ ውስጥ ሹካ፣ ማንኪያና ቢላዋ በጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። የዚህ ዕቃ ታሪክ ለብቻው አስደናቂ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1300 ጀምሮ የብር ዕቃ ጥራት በሕግ እንዲመረመርና ማኅተም እንዲመታበት አድርገው ነበር። በ1743 እ.ኤ.አ. ቶማስ ቦልሶቨር የተባለ የሼፊልድ ሰው በመዳብ ላይ ስስ የብር ንጣፍ በሙቀት አጣብቆ መዳመጥ እንደሚቻል ደረሰበት፤ ብር የሚመስል ርካሽ ዕቃ በብዛት ወጣ። እውነተኛው አብዮት ግን እ.ኤ.አ. በ1840 የበርሚንግሃሙ የኤልኪንግተን ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ብር የመቀባትን ጥበብ በባለመብትነት ሲያስመዘግብ ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የፓሪሱ ሻርል ክሪስቶፍል የዚህን ሥራ መብት ለፈረንሳይ ገዛ። ከዚያ በኋላ የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ሁሉ የመኳንንት የሚመስል ገበታ ሊኖረው ቻለ። የሹካው ሥጋ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል የተቀላቀሉበት ነጭ ብረት ነው፤ የብር ጠብታ እንኳ የለበትም። ብሩ ከላይ እንደ ቆዳ የለበሰው ብቻ ነው።

አሁን የሁለቱን ብር ባሕርይ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ቅቡን ሹካ የሚገዛ ሰው በዓይኑም በእጁም ውስጡን ሊያውቅ አይችልም። ምን ያህል ብር እንደተቀባ፣ ቅቡ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቀው ፋብሪካው ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ስሙን ይመታል፤ እንግሊዞቹ ዕቃው የተቀባ መሆኑን በአራት ፊደል ጨምረው ይጽፋሉ፤ ገዢውም የሚያምነው ብሩን ሳይሆን ስሙን ነው። የኤልኪንግተን ወይም የክሪስቶፍል ስም ከፍ ብሎ የቆመው የሚሸጡት ዕቃ በራሱ መናገር ስለማይችል ጭምር ነው። የመጋላው ድሪ ግን ተመዝኖ፣ ተፍቆ፣ ካስፈለገም ተቆርጦ ይናገራል። የአንዱ ስም ማግኘትና የሌላው ስም አለመኖር የሥልጣኔ መበላለጥ ተደርጎ ሲታይ ይህ ልዩነት ይዘነጋል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አንጥረኛው ስሙን ያልጻፈው ማኅበረሰቡ ስላዋረደው ነው የሚል ነው። መቼም ይህ ሐሰት አይደለም። ባለ እጅ በአማራው ዘንድ በቡዳነት ይታማ፣ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ በኦሮሞው ዘንድ ከጋብቻ ይገለል ነበር፤ ቀጥቃጩ የሠራውን መስቀል የተሳለመ ሰው ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ማዕድ ላይቀመጥ ይችላል። ይህ በደል ስም አጥፍቷል። ዳሩ ግን በደሉ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። ከኢስታንቡል የመጣው አርመናዊው ወርቅ ሠሪ ዲክራን ኤቤያን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘውድ የሠራ፣ ስሙ የታወቀና የተከበረ ሰው ነው። በሐረርና በድሬ ዳዋ የሠሩ አርመኖችም የውርደት ሸክም አልነበረባቸውም። እንዲያም ሆኖ በገበያ በሚሠራው የብር ጌጥ ላይ ማኅተም መምታት ልማድ አልሆነም። ክብር ያለውም የሌለውም አንጥረኛ ማኅተሙን ከተወ፣ የጋራ ምክንያት መፈለግ ይገባል፤ የጋራው ምክንያት ደግሞ ሁለቱም የሚያቀልጡት ደንበኛው ያመጣውን ያንኑ ጠገራ መሆኑ ነው።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የውጭ መልእክተኞች ከነስጦታቸው በዚሁ ሐዲድ አለፉ። በዚያ ሳምንት በድሬ ዳዋ ጣቢያ ሁለቱም ብር ተገናኝቷል ማለት ይቻላል፦ ማኅተም ያለበት የአውሮፓ ገበታ በፉርጎ ውስጥ፣ ማኅተም የሌለው የምሥራቅ ድሪ ባቡሩን ለማየት በወጡት ሴቶች አንገት ላይ።

የጣሊያን ዓመታት፦ 1928–1933 ዓ.ም.

ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ አንድ ነገር በሚገባ ተረድቶ ነበር፤ በኢትዮጵያ ምድር በሊሬ ግመል መከራየት፣ እህል መግዛት፣ ባንዳ መቅጠር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1935 ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽና የማተም መብት ለ25 ዓመት ተቀበለ፤ የሮማ ማተሚያ ቤትም ሳንቲሙን መምታት ጀመረ። እንግሊዞች ከኤደን እስከ ሱዳን ያለው ንግዳቸው በሙሶሊኒ እጅ እንዳይወድቅ ሲሉ በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ማተም ያዙ። ፓሪስና ብራስልስም ያንኑ አደረጉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ ተጨመረች። ለረጅም ዘመን ከአንድ አገር ይወጣ የነበረ ሳንቲም በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙ አባት አገኘ። ሁሉም ዓመቱን 1780 ብለው ጻፉ፤ የብሩንም መጠን ጠበቁ። ለተጠቃሚው ልዩነት አልነበረውም፤ ለሰብሳቢ ግን ይህ ወርቅ የሆነ መረጃ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሰሜን የመጣው የጣሊያን ጦርና ከደቡብ የመጣው የግራዚያኒ ጦር በድሬ ዳዋ ተገናኙ። ወራሪው ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጎ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣ ሞከረ፤ የምንዛሪውን ተመን ደጋግሞ ከፍ ቢያደርግም ሕዝቡ ብሩን አውጥቶ ወረቀት አልቀበል አለ። የሕንድ ነጋዴዎች ትልቁ ቤት የነበረው የሞሐመዳሊ ኩባንያ በ1929 ዓ.ም. ከአገር ሲባረር የምሥራቁ ንግድ ከአውራ አገናኞቹ አንዱን አጣ። በዚህ ጊዜ ጠገራው ሁለት መደበቂያ ነበረው፦ አንዱ መሬት፣ ሌላው የሴት ገላ። ገንዘብ ነው ተብሎ የሚወረሰው ሳንቲም ድሪ ከሆነ ጌጥ ነው። በየቤቱ የተቀበረው ብር ከጦርነቱ በኋላ ለሰፊ የጌጥ ሥራ ጥሬ ዕቃ እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ እኔም በብዛት የተረፈልን የብር ጌጥ ከዚህ ዘመን በፊት አይደለም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

መጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ኅብረት ጦር ድሬ ዳዋ ሲገባ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዞ መጣ፤ ጠገራም ይዞ ነበር። ሊሬ፣ ሽልንግ፣ ጠገራ፣ የቀድሞው ባንክ ወረቀት በአንድ ገበያ ተተረማመሱ። ከዚህ ትርምስ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚስማማበት አሁንም የሚቀልጠው ነበር።

ጠገራው ከገበያ ሲወጣ፦ 1937–1966 ዓ.ም.

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የኢትዮጵያ ገንዘብ አወጣ። ወረቀቱ በሰው ዘንድ እንዲታመን ከሳንቲሞቹ አንዱ ብር እንዲሆን ታሰበ፤ ብሩ ከአሜሪካ በብድር መጣ፣ ሳንቲሙም እዚያው ተመታ። በሕዝቡ አፍ ሽልንግ የተባለው የ50 ሳንቲም ገንዘብ 7 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከ10 እጅ 8ቱ ብር ነው፣ ኋላም ወደ 7 እጅ ዝቅ ተደርጓል። በዚህ ሒሳብ ሁለት ሽልንግ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ብር፣ በውስጡ የያዘው ንጹሕ ብር የአንድ ጠገራን ግማሽ አይሞላም። ጠገራው ብዙም ሳይቆይ ሕጋዊ ገንዘብነቱን አጣ።

የዚህ ታሪክ ዋና መታጠፊያ ይህ ዓመት ነው እላለሁ። ከዚህ በፊት አንጥረኛና ገበያ የሚጠቀሙበት አንድ የብር ምንጭ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ገንዘቡ ሌላ፣ ብሩ ሌላ ሆነ። ጠገራ ያለው ሰው ያለውን ያቀልጣል እንጂ አዲስ በባቡር አይመጣለትም፤ አሮጌው ጌጥ እየቀለጠ አዲስ ይሠራበታል፤ በየመቅለጡም ለመበየጃ መዳብ ስለሚጨመርበት ጥራቱ ይወርዳል። ቀስ በቀስ አንጥረኛው እጅ ኒኬል ገባ። ይህ ነጭ ብረት ብር መስሎ ያበራል፣ ርካሽ ነው፣ ለመቅረጽም ያስቸግራል እንጂ አይከለክልም። በአውሮፓ ሹካ ውስጥ በብር ቆዳ ተሸፍኖ የመጣው ያ ቅልቅል አሁን ራቁቱን መስቀልና አምባር ሆነ። ገዢው ብሩን ራሱ ይዞ መምጣቱን ከተወ ወዲህ፣ ልክ እንደ ቅቡ ሹካ ገዢ፣ ውስጡን የማያውቀውን ዕቃ መግዛት ጀመረ። ዋስትናው ከሳንቲሙ ጋር ሄዶ ነበር፤ በቦታው የሚተካ የሠሪ ስም ግን አልመጣም። የዛሬው ገበያ በኒኬል የተሞላውና ሰብሳቢው በአሲድ ካልፈተነ የማያምነው ከዚህ ክፍተት የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል። ብር የቀረው በገንዘብ አዋጅ ሳይሆን በፋሽን ነው፤ የሐረሪና የሶማሌ ሴቶች ወርቅ ስለወደዱ ነው ይባላል። የወርቅ ፍቅር መጨመሩ አይካድም፤ በሐረሪ ሙሽራ ላይ ወርቅ የክብር ቦታውን ከያዘ ቆይቷል። ጥያቄው ግን ለምን ወርቅ የሚለው ነው። ጌጥ በዚህ አገር ቁጠባ ነው፤ ቁጠባ ደግሞ በማንኛውም ቀን ወደ ገንዘብ መለወጥ አለበት። ጠገራ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ከብር የቀለለ ምንዛሪ አልነበረም። ሕጉ ጠገራውን ሲሽር ብር ተራ ሸቀጥ ሆነ፤ በጅቡቲና በኤደን በኩል ዋጋው የሚታወቀው ወርቅ ቦታውን ያዘ። ፋሽኑ ለውጡን የተከተለ እንጂ የመራ አይመስለኝም። ማስረጃው የገጠሩ ሁኔታ ነው፦ ወርቅ መግዛት የማይችሉት የገጠር ሴቶች ብሩን ወዲያው አልጣሉም፤ አዲስ ማሠራቱን ነው ያቆሙት። ፋሽን ቢሆን ኖሮ አሮጌውም ያሳፍራቸው ነበር።

ይህ ጊዜ የሰብሳቢውም መወለጃ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ድሬ ዳዋንና ሐረርን የሚጎበኘው የውጭ አገር ሰው፣ በኢትዮጵያ የሚያስተምረው ወጣት ፈረንጅ ሁሉ፣ ከገበያ የብር ጌጥ በክብደት እየገዛ ሄደ። ሻጩ በሚዛን ስለሸጠ ሁለቱም ተደሰቱ። የጠፋው መረጃው ነው፤ ድሪው የአርጎባ ይሁን የኦሮሞ፣ ከየትኛው ወረዳ፣ ለሠርግ ወይም ለልጅ መወለድ የተሠራ መሆኑን የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ያካሄደው የንብረት ውርስ የግሪኩን፣ የአርመኑንና የዓረቡን ነጋዴ ከአገር ሸኘው። ከዚራ ባለቤቶቿን ስትለውጥ የአውሮፓው ገበታም ተበተነ፤ ባለማኅተሙ ሹካ ከነታሪኩ ከሚያውቁት ሰዎች እጅ ወጣ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬ ዳዋን ሊይዝ ሲሞክር ባቡሩ ተቋረጠ፤ ገበያውም ለጊዜው ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1980፣ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ለአንድ አውንስ 50 ዶላር ሊደርስ ጥቂት ቀረው። በዓለም ዙሪያ ስንት የብር ገበታና ጌጥ በእነዚያ ወራት እንደቀለጠ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ቅብ ሹካ ግን ተረፈ፤ ቆዳው ብቻ ብር ስለሆነ አቅላጭ አይፈልገውም። ዛሬ በየአሮጌ ዕቃ መደብሩ ከእውነተኛ ብር ይልቅ ቅቡ የሚበዛው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

መሰብሰብ በአገር ሰው እጅ የገባው ዘግይቶ ነው። ከድሬ ዳዋ በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በምትገኘው ሐረር፣ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጦችንና የጦር መሣሪያዎችን ሰብስበው መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ ከፈቱ፤ ኋላም ስብስቡ ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚታወቀው ታሪካዊ ሕንፃ ተዛወረ። የእርሳቸው ስብስብ ታላቅ ቁም ነገር የአሚሮቹን ማሃለቅ፣ ጠገራውንና ከጠገራው የተሠራውን ጌጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖሩ ነው። በአውሮፓ ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ሳንቲሙ በሳንቲም ክፍል፣ ጌጡ በባህል ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ብር ይህ አከፋፈል እናትን ከልጅ መለየት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ የሚያስቀረው ዕቃውን እንጂ የጠፋውን መረጃ አይደለም፤ ስለዚህ የሰብሳቢው ሥራ ከመግዛት ይልቅ ማንበብ ሆኗል።

ለዚህ ንባብ ከላይ ያቆየሁት የሳንቲም መረጃ ይረዳል። ጠገራው ሳይቀልጥ እንዳለ ቀለበት ተበይዶለት በድሪው ላይ ከተንጠለጠለ፣ ማኅተሙ አሁንም አለ። ሳንቲሙ ሁሉ 1780 ቢልም የየማተሚያ ቤቱ እጅ ይለያያል፤ በሳንቲሙ ጀርባ ባለው ንስር የጅራት ላባዎች አደራደር፣ በትከሻ ጌጡ ነጥቦች ብዛትና መጠን፣ በፊደሎቹ ቅርጽ የሮማው ከቪየናው፣ የለንደኑና የቦምቤዩም እርስ በርስ ይለያሉ። አሥር ጠገራ ካለው ድሪ ውስጥ አንዱ የሮማ ከሆነ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል ድሪው በያዘው መልክ ከ1935 እ.ኤ.አ. በፊት ሊሠራ አይችልም። የቦምቤይ ከሆነ ከጦርነቱ ዓመታት ወዲህ ነው። ሁሉም የቪየና ከሆኑ ደግሞ ቀድሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ግን አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም የተቀበረ ብር ከሃያ ዓመት በኋላም ወጥቶ ሊሠራበት ይችላል። ለቀለጠው ብር የቀረው መንገድ የብረቱን ቅንብር መመርመር ነው፦ ከ833 እጅግ ያላነሰ ብር ከጠገራ በቀጥታ መሠራቱን፣ በጣም ዝቅ ያለው ደጋግሞ መቅለጡን ይጠቁማል። የአውሮፓ ሰብሳቢ 925 የሚለውን የራሱን ልክ ይዞ መጥቶ ይህን ዕቃ ዝቅተኛ ብር ነው ብሎ ቢያጣጥለው፣ የመዘነው በሌላ አገር ሚዛን ነው። የዚህ አካባቢ አንጥረኛ የተቀበለው ከ1,000 እጅ 833 ነበር፤ የመለሰውም ከዚያ ብዙ ካልራቀ፣ አደራውን ጠብቋል።